«ጨረር» ሲባል አንደንግጥ

ለዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ የሰጠሁት ርዕስ «ጨረር ያለበት ዱቄት» የሚል ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች ቶሎ የምንወድቅበት ስህተት ነው።

ካድሚየም ሰልፋይድ የተባለውን ሴሚኮንዳክተር እንውሰድ። የካድሚየም ጨውና ሰልፈር ያለው ውህድ የሟሙባቸው ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች፣ በሳሙና መሰል ሞለኪውሎች ተከበው ዘይት ውስጥ ይበተናሉ። ከኮባልት-60 የሚወጣው ጋማ ጨረር ሲያርፍባቸው ከውሃው ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ እነሱም ሰልፈሩን ከውህዱ ያላቅቁታል፤ ካድሚየሙ ወዲያው ይይዘዋል። እሳት የለ፣ ምድጃ የለ! ጠብታዋ «ለስላሳ ቅርጽ ማውጫ» የምትባለው ቅንጣቷ ከልክ በላይ እንዳታድግ ስለምትገታት ነው። መጠን ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቅንጣቷ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ስትሆን የምትውጠው ብርሃን ሳይቀር ይለወጣል።

ታዲያ ዱቄቱ ጨረር ይረጫል? አይረጭም። የኮባልት ጋማ ጨረር ያረፈበትን ነገር ራዲዮአክቲቭ አያደርገውም። መርዛማው ካድሚየሙ ነው፤ ጓንት የሚያስፈልገውም ለሱ ነው።