ከሕፃናት ማዕከል ጋር አጋር መሆን፦ ከግቢ እስከ ቱላ



የበዓል ሰሞን ሲደርስ በየጀመዓው አንድ ሐሳብ መነሳቱ የተለመደ ነው፦ «አንድ የሕፃናት ማዕከል እንጠይቅ።» ልብስ ይሰበሰባል፣ ዘይትና ብስኩት ይገዛል፣ መኪና ይለመናል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ማታ ወደ ዶርም ተመልሰን ፈተናችንን እናነባለን። ኒያው መልካም ነው፣ አላህ ይቀበለው። ግን ይህ ጥየቃ እንጂ አጋርነት አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከማዕከል ጋር አጋር ሆኖ የአካባቢ ልማት ሲሠራ ሥራው ሌላ መልክ አለው። ያንን ለማስረዳት ቱላን ምሳሌ አደርጋለሁ።

ለማያውቃት፣ ቱላ ከሐዋሳ በስተ ደቡብ ወደ ዲላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት። በአስተዳደር የከተማዋ አካል ብትሆንም ዙሪያዋ በአብዛኛው ገጠር ነው፤ እንሰት፣ ጫት፣ በቆሎ። ከግቢያችን ወጥተን በሚኒባስ የምንደርስባት ቅርብ ቦታ ስለሆነች፣ «ሩቅ ነው» የሚለው ምክንያት እዚህ አይሠራም።

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ የሕፃናት ማዕከልና የአካባቢ ልማት ምን አገናኛቸው የሚል ነው። መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ያወጣው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ልጅን በተቋም ውስጥ ማሳደግን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ልጁ በቤተሰቡና በአካባቢው ውስጥ ሆኖ የሚደገፍበት መንገድ ነው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ተከለከለ። ስለዚህ የዛሬ ማዕከል ሥራ በአጥሩ ውስጥ አያልቅም። ልጁ ከትምህርት በኋላ ማዕከሉ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ወደ አያቱ ወይም ወደ አክስቱ ቤት ይገባል። እዚያ ውሃ ከሌለ፣ እናት ገቢ ከሌላት፣ ማዕከሉ ቀን የገነባውን ቤቱ ማታ ያፈርሰዋል። ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከፋላ ስንል የየቲሙን የዘር ስም ሳንነካ ኃላፊነቱን መውሰድ ማለታችን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 20 ከፋላን በስሙ ጠርቶ ይጠቅሰዋል።

የተማሪ አገልግሎት በአገራችን የቆየ ታሪክ አለው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ግዴታ አደረገ፤ አብዛኞቹ በየትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ላከ። ዘመቻው ከላይ በትእዛዝ የመጣ ስለነበር ጣጣውም ብዙ ነበር፤ ያን ታሪክ ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ለእኛ የሚጠቅመው ምሳሌ ጅማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም ከመነሻው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መርሁ አደረገ። ተማሪው ወደ ማኅበረሰቡ ወርዶ መጀመሪያ ያጠናል፤ ቤት ለቤት ይጠይቃል፣ ችግሩን ከነዋሪው ጋር በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው እቅድ አውጥቶ ወደ ሥራ የሚገባው። እኛ ብዙውን ጊዜ የምንዘለው ይህን የመጀመሪያውን እርምጃ ነው።

ለምን እንደማይዘለል ከራሴ ሙያ በውሃ ላሳይ። ማዕከሉ «ውሃ ቸግሮናል» አለ እንበል። የምህንድስና ተማሪ ወዲያው የሚያስበው ጉድጓድ ቆፍሮ ፓምፕ መትከል ነው። ነገር ግን ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ በሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ መጠኑም ከአንዱ ጉድጓድ እስከ ሌላው ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ጥርስን ያበልዛል፤ በጣም በዝቶ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትን ይጎዳል። ጥርስ የሚበላሸው ቋሚው ጥርስ ገና ከድድ ሥር በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ነው፤ ማለትም ማዕከሉ ውስጥ ባሉት ልጆች ዕድሜ። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል። እንግዲህ ሳይመረመር የተቆፈረ ጉድጓድ በበጎ ኒያ ልጅን ሊጎዳ ይችላል።

ፍሎራይድ ከሚቀንሱት መንገዶች አንዱ ከከብት አጥንት የሚዘጋጅ ከሰል ነው፤ አጥንቱ በከፍተኛ ሙቀት ይከሰላል፣ ውሃው በእሱ ውስጥ ያልፋል። በቴክኒክ ይሠራል። ግን አንዲት እናት «አጥንቱ የምን ከብት ነው? ማን ያረደው?» ብትል ጥያቄዋ ቀልድ አይደለም። በአገራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠይቀዋል፤ መልስ ካላገኘ ማጣሪያው ጥግ ይቀመጣል። ከሰሉ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ስለሚጠግብ መቀየር አለበት። ማን ይቀይረዋል? በምን ብር?

ስለዚህ አንዳንዴ ቀላሉ የተሻለ ነው፤ የዝናብ ውሃ። ስሌቱን አብረን እንሥራው። የማዕከሉ ቆርቆሮ ጣሪያ 100 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ሐዋሳ በዓመት 950 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስለምታገኝ፣ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 76,000 ሊትር ይገኛል። 60 ልጆች ለመጠጥና ለምግብ በቀን 5 ሊትር ቢያስፈልጋቸው 300 ሊትር ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ላሉት 120 የበጋ ቀናት 36,000 ሊትር። ጣሪያው ይበቃል፤ ችግሩ ማጠራቀሚያው ነው። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ አራት ይፈልጋል፤ ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም እሱ ነው። በተጨማሪ የመጀመሪያውን ዝናብ ከነአቧራው የሚያስወግድ ቧንቧ፣ ጣሪያውንና አሸንዳውን ከክረምት በፊት የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ከእኛ መካከል መሆን የለበትም። እኛ በሐምሌ ግቢ ውስጥ የለንም።

ማስጠናት ከውሃ የቀለለ ይመስላል፣ አይደለም። የቱላ ልጅ ሳይንስን የሚጀምረው በሲዳምኛ ነው። ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ በአማርኛ ሲያብራራለት ልጁ በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል፣ ግን አልገባውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንኳ ይህን ተረድቶ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ሲዳምኛ አንዱ ነበር። ስለዚህ ከጀመዓችን ሲዳምኛ የሚናገሩ እህትና ወንድሞች ከፊት ይሁኑ፤ ሌሎቻችን ረዳት እንሁን። መድረሳ ያደግን እናውቀዋለን፤ ኡስታዙ በሌለበት ቀን ታናሹን የሚያስቀራው ታላቁ ደረሳ ነበር። በማዕከሉም ስድስት ትልልቅ ልጆችን በደንብ አስጠንቶ እነሱ ታናናሾቻቸውን እንዲያስጠኑ ማድረግ፣ እኛ በየሳምንቱ ለ60 ልጅ ከምንጮኸው የበለጠ ይዘልቃል።

ገንዘብን በተመለከተ ደግሞ፣ ዘካ በቁርኣን የተወሰኑ ስምንት ተቀባዮች አሉት፤ ከዘካ ሣጥን ለሮቶ መግዣ ማውጣት አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ጥርጣሬ ካለ ዑለማ ይጠየቅ። ሰደቃ ግን ሰፊ ነው፣ ሙስሊም ላልሆነ ጎረቤትም ይሰጣል። ይህን የማነሳው በሲዳማ አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ስለሆነ ነው። የምናገኛቸው ልጆች በአብዛኛው የእኛን ሃይማኖት አይከተሉም፤ ከውሃውና ከደብተሩ ጋር ስብከት ይዘን ከሄድን ወላጆች በሩን ቢዘጉብን ልክ ናቸው። የልጆቹን ፎቶ ያለ አሳዳጊ ፈቃድ ቴሌግራም ላይ መለጠፍም እንዲሁ ነው።

በወረቀት በኩል ጀመዓ ብቻውን ውል ባይገባ ይሻላል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጎን ለጎን የዩኒቨርሲቲ ሥራ አድርጎታል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል በኩል መግባት፣ የአካባቢውን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትም ማሳወቅ ያስፈልጋል። ይህ ያዘገያል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ደብዳቤ ይዞ መመላለስ አለ። ነገር ግን እኛ ስንመረቅ ውሉ ከእኛ ጋር አይመረቅም።

ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት ደግሞ የምንሰጠው ነገር ዝርዝር ብቻ አይደለም። ማዕከሉ ራሱ የጠየቀው ምን እንደሆነ፣ በወር ስንት ቀን እንደምንመጣ፣ በፈተና ሰሞንና በረመዳን ማን እንደሚተካን፣ የሮቶው ቧንቧ ሲሰበር የሚጠገንበት ብር ከየት እንደሚወጣ፣ ከጀመዓው ደግሞ ከ2ኛና ከ3ኛ ዓመት ተማሪዎች ማን ከተመራቂው ሥራውን እንደሚረከብ ይጻፍ። የመጀመሪያው ጉብኝት ያለ ካርቶንና ያለ ካሜራ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ተይዞ፣ ለመጠየቅና ለመስማት ቢሆን ይመረጣል። የውሃ ናሙና የምትወስዱበት ንጹሕ ጠርሙስ ግን አትርሱ።