ጣራ ያለው ድልድይ

በአሜሪካ አገር ቬርሞንትና ኒው ሃምፕሸር በሚባሉ ሁለት ክፍላተ አገር መካከል ኮኔቲከት የሚባል ትልቅ ወንዝ ይፈሳል። በዚህ ወንዝ ላይ ዊንድሶርን ከኮርኒሽ የሚያገናኝ የእንጨት ድልድይ አለ፤ ርዝመቱም 137 ሜትር ያህል ነው። ድልድዩ እንደ ቤት ግድግዳና ጣራ ስላለው፤ ከሩቅ የሚያየው እንግዳ በውሃ ላይ የቆመ አዳራሽ ይመስለዋል።

ለድልድይ ጣራ ምን ያደርግለታል? ብዙ ሰዎች መንገደኛውን ከዝናብና ከበረዶ ለማዳን የተሠራ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በዚያ አገር በብርዱ ወራት ምድሩ ሁሉ በበረዶ ይሸፈናል። በቀድሞ ዘመን ሰዎቹ በዚያን ጊዜ የሚጓዙት መንኰራኵር በሌለው፤ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ በሚሄድ ጋሪ ነበር። ጣራ ባለው ድልድይ ውስጥ ግን በረዶ ስለማይወርድ፤ ጋሪው በደረቁ ሳንቃ ላይ አልሄድ ይል ነበር። ስለዚህ ሰዎች በረዶውን ከውጭ በአካፋ እየዛቁ ወደ ውስጥ አግብተው ያነጥፉት ነበር። ይህን ሁሉ ድካም የቻሉት ለእንጨቱ ሲሉ ነው።

እንጨት ደረቅ ሆኖ ከተቀመጠ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ርጥበት ሲያድርበት ግን ይበሰብሳል። ጣራው የሚያፈስ ቤት ያየ ልጅ ይህን ያውቃል፤ አስቀድሞ የሚበሰብሰው ውሃው የሚንጠባጠብበት እንጨት ነው። የዊንድሶርን ድልድይ የሚሸከሙት በግራና በቀኝ እንደ መረብ ተመሳቅለው የተጋጠሙ ወፍራም እንጨቶች ናቸው። በመጋጠሚያቸው ውሃ ቢገባ ኃይላቸው ይደክማል፤ እነርሱንም መለወጥ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የጣራውና የግድግዳው ሳንቃ ግን ቢያረጅ በቀላሉ ይለወጣል።

ጣራ ከዝናብ ያድናል እንጂ ከጎርፍ አያድንም። በዚሁ ስፍራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1796፤ በ1824ና በ1849 ዓ.ም. የተሠሩትን ሦስት ድልድዮች ጎርፍ ወሰዳቸው። በኒው ዮርክ ክፍለ አገርም ብሌንሃይም በሚባል ቦታ ከ1855 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው ባለ ጣራ ድልድይ በ2011 ዓ.ም. በጎርፍ ጠፋ።

በዊንድሶር ግን ሰዎቹ ተስፋ አልቈረጡም። ሦስተኛው በጠፋበት በ1866 ዓ.ም. ጄምስ ታስከርና ቤላ ፍሌቸር የሚባሉ ሁለት ሠራተኞች አራተኛውን ሠሩ፤ ወጪውም 9,000 ዶላር ነበረ። ተሻጋሪውም እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ የመሻገሪያ ዋጋ ይከፍል ነበር። ፈረሶች ሲሮጡ ድልድዩ እንዳይናወጥ፤ ፈረሱን በእርምጃ የማይነዳ ሰው 2 ዶላር መቀጫ እንዲከፍል በመግቢያው ላይ ተጻፈ። በ1989 ዓ.ም. ድልድዩ በብዙ ድካም ታደሰ። ዛሬ በውስጡ የሚያልፈው አውቶሞቢል ነው፤ የፈረሱ ማስጠንቀቂያ ግን አሁንም ከመግቢያው በላይ ይነበባል።