ዳግም ስለ መወለድ፤ በጋሞ ደጋና በድርሰቶቻችን

ጎተ በ1795ና በ1796 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዊልሄልም ማይስተር» የነጋዴ አባቱን ሥራ ትቶ ከተዋንያን ጋር የሚሄድ ወጣት አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተነሡት ብዙ የአውሮፓ ልብ ወለዶች ይህን ፈለግ ተከትለዋል፤ ማደግ ማለት ከቤት መውጣት ነው፤ ሰውም ራሱን በራሱ እንደ አዲስ ይሠራል።

የእኛም ደራስያን ከዚህ እምብዛም አልራቁም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትወጣለች። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» በፈረንሳይ አገር ተምሮ ይመለሳል፤ ነገር ግን ዕውቀቱን የሚቀበለው ቦታ ያጣል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ወላጆቹ በስለት የሰጡት በዛብህ ከስለቱም ከአገሩም ተለይቶ በመንገድ ይሞታል። እነዚህ ሁሉ መሄድን ያውቃሉ፤ የሚጐድላቸው በወዲያኛው በኩል ቆሞ የሚቀበላቸው ሰው ነው።

ቫን ጄኔፕ በ1909 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው የሽግግር ሥርዓት ሦስት ክፍል አለው፤ መለየት፣ በደፍ ላይ መቆየት፣ ተመልሶ መቀላቀል። ቪክቶር ተርነር ይህን ሐሳብ አስፍቶ ሥርዓትንና ቴአትርን በአንድነት መርምሯል። የሦስተኛውን ክፍል ክብደት ለመረዳት ግን ከመጻሕፍቱ ይልቅ የጋሞ ደጋ ይበጀናል።

ገረሴ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው በዚህ ደጋ፣ በቦንኬ ምድር የምትገኝ ከተማ ናት። ቦንኬ ከቀድሞዎቹ የጋሞ ደሬዎች አንዱ ነው፤ ደሬ ማለት የራሱ ወሰንና የራሱ ጉባኤ ያለው አገር ነው። ሥርዓቱ ከደሬ ደሬ ስለሚለያይ፣ የሚከተለው መግለጫ በይበልጥ ከተጠኑት ከዶርዜና ከዶኮ የተወሰደ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በዚያ «ሃላቃ» የሚባል ማዕርግ አለ፤ ከአማርኛው «አለቃ» ጋር መመሳሰሉን ማንም ሳያስተውል አይቀርም። ሃላቃ የሚሆነው ሰው ራሱን አይመርጥም። በዱቡሻ፣ ማለት በአደባባይ የሚሰበሰበው ጉባኤ፣ ሀብቱንና ጠባዩን መዝኖ ይመርጠዋል። ድግሱ ጥሪትን የሚያራቁት ስለ ሆነ ተመራጩ በቀላሉ እሺ ላይል ይችላል፤ ሮዳ ሃልፐሪንና ጁዲት ኦልምስቴድ በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ዶርዜ ላወጡት ጥናት «ደጋሹን መያዝ» የሚል አርእስት መስጠታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በመስቀል ሰሞን አዲሱ ባለ ማዕርግ ራሱን ቅቤ ተቀብቶ ገበያውን ይዞራል፤ በዶኮ አዲስ ሙሽሮችም እንዲሁ በገበያ ይታያሉ። ገበያው መድረክ፣ ሕዝቡም ተመልካች ነው። ሆኖም ሃላቃው እንደ ተዋናይ ልብሱን አውልቆ ወደ ቀድሞው ማንነቱ አይመለስም። «ጎሜ» የሚባለውን ክልክል እንዳይተላለፍ ይጠነቀቃል፤ ቢተላለፍ ጥፋቱ በእርሱ ብቻ የሚቀር ሳይሆን ለአገሩ ሁሉ እንደሚተርፍ ይታመናልና።

ሥርዓቱ ከከተማ ርቆ የኖረ አይምሰለን። ወደ አዲስ አበባ ወርደው በሽሮ ሜዳ የተቀመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች በድውር ያገኙትን ገንዘብ ለመስቀል ይዘው ይመለሱ ነበር፤ ይኸው ገንዘብ ቀድሞ ማዕርጉን ሊመኙት የማይችሉትን ሰዎች ሳይቀር ደጋሽ አድርጓቸዋል። እንግዲህ ሸማኔው ሁለት ጊዜ ይለወጣል፤ አንድ ጊዜ በከተማ በእጁ ሥራ፣ አንድ ጊዜ በአገሩ በጉባኤው ቃል። ለእኔ እንደሚመስለኝ እንዲህ ያለው ሰው ከአርአያ ይልቅ ለልብ ወለድ የበለጸገ ነው። ኃይሌ ገሪማ በ2008 እ.ኤ.አ. በታየው «ጤዛ» ወደዚህ ቀርቧል፤ አንበርብር ከጀርመን አገር አንድ እግሩን አጥቶ ሲመለስ የሚታከመው በመንደሩና በእናቱ እጅ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ እነዚህ ሥርዓቶች ተነቅፈው ታገዱ፤ ኋላም በአንዳንድ ስፍራ ቢያንሰራሩም የወንጌላውያን እምነት መስፋፋት ብዙ ሰዎችን ከድግሱ አርቋል። ድግሱ ድሃውን የሚያስጨንቅ ነበርና የሸሹትን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች የመለሱአቸው እርጥብ ሣር ይዘው የተንበረከኩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ወጣቶቹ ሣሩን ማክበር የተማሩት ሽማግሌን ሽማግሌ በሚያደርግ አገር በማደጋቸው ነው። የዛሬው የሃያ ዓመት ልጅ በተራው ሣር ለመያዝ የሚደርሰው በየትኛው በር እንደሚሆን ግን ገና አልታወቀም።