ተጨማሪ መረጃ፦ የመርሐ ቤቴው የመጻሕፍት ሰው

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፓሪስና በለንደን ጋዜጦች አዳዲስ ሥዕሎችንና መጻሕፍትን እየመረመሩ የሚተቹ ጸሐፍት ነበሩ። በኢትዮጵያ ግን የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» መውጣት የጀመረው የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲብት ነው። ለኅትመት ዘመን አንባቢ የአገሩን መጻሕፍት በማስተዋወቅ ቀዳሚ ከነበሩት አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ፣ ደን አቦ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመው እስከ እንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ከዘለቁ በኋላ በጸሐፊነት ወደ ቤተ መንግሥት ገቡ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ከተላከው ልዑክ ጋር ለንደንን አዩ።

በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ። በየገዳሙና በየደብሩ ዕቃ ቤት ተበታትነው የሚገኙ የብራና መጻሕፍት ብዙ በነበሩበት ዘመን፣ የመጻሕፍቱን ስም በአንድ ጥራዝ ማግኘት ለአንባቢም ለተመራማሪም ትልቅ እርዳታ ነበር። ሥራውን አስፍተው በ1920 ዓ.ም. በድጋሚ አወጡት። «ወዳጄ ልቤ»፣ «የሕይወት ታሪክ» እና የጃፓን ጉዟቸውን የሚተርከው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ከሌሎች ሥራዎቻቸው መካከል ናቸው።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉት ኅሩይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰደው በእንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ መስከረም 1931 ዓ.ም. ዐረፉ።

ለውይይት፦ የመጻሕፍት ዝርዝር ማዘጋጀት ከመጽሐፍ ሒስ በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያል?