መጸው ሲያልቅ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ

በእንግሊዝ አገር በጥቅምትና በኅዳር ወፎችንና የባሕር እንስሳትን ለማየት ከምሥራቁ ዳርቻ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። በኖርፎክና በሊንከንሺር መካከል የሚገኘው ዘ ዎሽ የተባለው ባሕረ ሰላጤ ውኃው ሲሸሽ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ይገለጥበታል። ጭቃው በትላትልና በዛጎል ለበስ እንስሳት የተሞላ ስለሆነ ከሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚሰደዱ ወፎች ብርዱን እዚያ ያሳልፋሉ።

ከሁሉም የሚልቀው በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ባለው በስኔቲሻም የሚታየው ትርኢት ነው። ከግሪንላንድና ከሰሜን ካናዳ የሚመጡት ኖት የተባሉ ግራጫ ወፎች ውኃው ሞልቶ ጭቃውን ሲሸፍንባቸው በአስር ሺዎች ሆነው በአንዴ ይነሳሉ። መንጋው ሲታጠፍ ይጠቁራል፤ መልሶ ደግሞ ነጭ ሆኖ ያበራል። ጎህ ሲቀድ እግራቸው ሮዝ የሆነ ዝይዎች እየጮኹ ወደ እርሻዎቹ ያልፋሉ።

በሊንከንሺር ዳርቻ፣ የአየር ኃይል መለማመጃ በሆነው ዶና ኑክ፣ ግራጫ አቆስጣዎች ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ አሸዋው ላይ ይወልዳሉ። ነጭ ፀጉር ለብሶ የሚወለደው ግልገል 14 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። እናቱ ራሷ ሳትበላ ሦስት ሳምንት ገደማ በስብ የበለጸገ ወተት ታጠባዋለች፤ ክብደቱም በሦስት እጥፍ ያድጋል። ከዚያ ትታው ወደ ባሕር ትመለሳለች።

ወደ ስኔቲሻም የሚሄድ ሰው ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት አስቀድሞ ይመልከት። ዶና ኑክ ላይ ደግሞ ለተመልካቾች ከተዘረጋው አጥር አይለፍ፤ የተረበሸች እናት ግልገሏን ጥላ ልትሄድ ትችላለች።