የጃፓን ቶኪ ሥር ለውጭ ገዢ ሲዘጋጅ

ካምፖ በሚባለው የጃፓን ባህላዊ ሕክምና በብዛት ከሚፈለጉት ዕፆች አንዱ ቶኪ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አንጀሊካ አኩቲሎባ ሲሆን፣ የካሮትና የድንብላል ዘመድ ነው። ለመድኃኒት የሚውለው ሽታው ኃይለኛ የሆነው ሥሩ ነው። ይህ ጽሑፍ ቶኪን በአገራችን ለማልማት የቀረበ ምክር አለመሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን። ሆኖም የመድኃኒት ዕፅ ለውጭ ገበያ ለሚያዘጋጅ ማኅበር የጃፓን ገበሬዎች አሠራር ብዙ ያስተምራል።

በመጀመሪያ ስሙን ማጣራት ያስፈልጋል። በቻይና ዳንግ ጉይ የሚባለው ሥር በጽሕፈት ከቶኪ ጋር አንድ ስም ቢኖረውም ዕፁ ሌላ ነው፤ እሱም አንጀሊካ ሲነንሲስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1886 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውና እየታደሰ የሚወጣው የጃፓን የመድኃኒት መመዘኛ መጽሐፍ ቶኪ ብሎ የሚቀበለው አኩቲሎባንና የእሱን ዝርያ ብቻ ነው። በመሆኑም በጆንያ ላይ የገበያውን ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ሳይንሳዊ ስሙም መጻፍ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው የማሳው ሥራ ነው። ዘሩ በጸደይ መደብ ላይ ይዘራል፤ ችግኙ በሚቀጥለው ዓመት ጸደይ ወደ ማሳ ይዛወራል፤ ሥሩም በዚያው ዓመት መኸር መጨረሻ ላይ ይቆፈራል። ታዲያ ወፍራም ችግኝ ይሻላል የሚለው የተለመደ ሐሳብ እዚህ ላይ ገበሬውን ይጎዳዋል። ወፍሮ ክረምቱን ያሳለፈ ችግኝ አበባ ለማውጣት ይቸኩላል። አበባ ካወጣ ደግሞ፣ በካሮትም እንደሚታየው፣ ሥሩ እንጨት ሆኖ ይቀራል፤ የሁለት ዓመት ድካምም ከንቱ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ችግኝ በውፍረቱ ተለይቶ ይተከላል። በናራ ክፍለ ሀገር የቆየ ዘዴ አለ፤ ይኸውም የወፍራሙን ችግኝ የመካከል ቡቃያ በቢላ ጎርጉሮ በማውጣት የጎን ቡቃያዎች እንዲያድጉ ማድረግ ነው። አድካሚ ሥራ ነው፣ ግን ያዋጣል።

የተቆፈረው ሥር ታስሮ በክረምቱ ነፋስ በመስቀያ ላይ ይደርቃል። ከዚያም በሙቅ ውኃ እየታሸ አፈሩ ይለቅና ቅርጹ ይስተካከላል፤ እንደገናም ይደርቃል። ቶኪ ነቀዝና ሻጋታ ቶሎ ስለሚያጠቃው በደንብ ሳይደርቅ መጋዘን መግባት የለበትም።

የማኅበራት ችግር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የአባላት ምርት ሲደባለቅ ነው። ካበበ ማሳ የመጣ አንድ ኩንታል ሥር የጎረቤቱን ንጹሕ ምርት ያስጥላል። ስለዚህ የእያንዳንዱ አባል ምርት ለብቻው ታይቶ፣ የዘሩ ምንጭ፣ የተተከለበትና የተቆፈረበት ቀን፣ የተረጨ መድኃኒት ካለም ዓይነቱ ይመዘገብ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የመድኃኒት ዕፆች አመራረትና አሰባሰብ መመሪያም ምዝገባ ትልቅ ቦታ ተሰጥቶታል። ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና ማስቀረት ደግሞ በኋላ ክርክር ቢነሣ ይረዳል።

ከገዢው ጋር ሳይነጋገሩ መጫን የማይገባ ሌላ ነገር ቅጠሉ ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጃፓን ውስጥ የቶኪ ቅጠል በምግብነት መሸጥ የሚቻል ሲሆን፣ ሥሩ ግን እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። በገዢው አገር ሕጉ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱ በአንድ ጆንያና በአንድ ሰነድ አይላኩ።