ከልጅ ጋር የመስታወት ጌጥ በማይክሮዌቭ

ባለቀለም መስታወት አቅልጦ የአንገት ወይም የጆሮ ጌጥ ለመሥራት ትልቅ ምድጃ አያስፈልግም። ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ምድጃ ይሸጣል። ወለልና ክዳን ያለው ነጭ ነገር ነው፤ ሲያነሱት በጣም ቀላል፣ ሲጫኑትም በቀላሉ የሚሰበር ነው።

እንዴት ይሠራል? ማይክሮዌቭ ቀዝቃዛ መስታወትን እምብዛም አያሞቅም። የክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ግን ሞገዱን የሚመጥ ጥቁር ልባስ አለው። ልባሱ ይግላል፤ ግለቱ ወደ መስታወቱ ያልፋል። በጥቂት ደቂቃ ወደ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት መስታወት እንደ ውሃ አይፈስም፤ ይለሰልሳል፣ የተደራረበው አንድ ይሆናል፣ ስለታም ጠርዙም ይድበለበላል።

ያገኘሁትን ስብርባሪ ሁሉ ልቀላቅል? አይሆንም። መስታወት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ መጠኑ ግን እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ሁለት የማይስማሙ ዓይነቶች ቢዋሃዱ አንዱ ሌላውን ይስበውና ጌጡ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ፣ ልጁ ለጓደኞቹ ካሳየ በኋላ። ለዚህ ሥራ የሚሸጥ መስታወት ላይ 90 ወይም 96 የሚል ቁጥር አለ፤ የመለጠጥ መጠኑን የሚናገር ነው። አንዱን መርጠው በእሱ ይጽኑ። ሁለቱን በአንድ ሣጥን አያስቀምጡ፤ በዓይን አይለዩም። የጠርሙስ ስብርባሪ ከሆነ ሁሉም ከአንድ ጠርሙስ ይሁን።

ውፍረቱስ? ሙሉ በሙሉ የቀለጠ መስታወት ወደ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ይሄዳል። ስለዚህ 3 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮችን መደራረብ ይበጃል። አንድ ብቻ ከሆነ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ሦስት ከሆነ ወደ ጎን ይሰፋል።

መቁረጡን አዋቂ ይምራ። ባለትንሽ መንኮራኩር የመስታወት መቁረጫ መስታወቱን አይቆርጥም፤ ላዩ ላይ መስመር ይጭራል፣ ከዚያ በመስመሩ በኩል በእጅ ወይም በፒንሳ ይሰበራል። መስመሩ አንዴ ብቻ ይሰመር፤ ሁለቴ መሄድ መቁረጫውን ያበላሻል። ሁለታችሁም የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። ትንሽ ልጅ ከሆነ የተቆረጠ መስታወት ይግዙለትና እሱ ቀለም ይምረጥ፣ ይደርድር። እውነቱን ለመናገር ከሥራው ሁሉ ደስ የሚለው ይኸው ነው፤ እጅዎን አያስገቡበት።

ቁራጮቹን በሳሙናና በውሃ አጥበው ያድርቁ፤ የጣት ቅባት ከቀለጠ በኋላ ደብዛዛ ምልክት ይተዋል። ትንንሾቹን በነጭ የወረቀት ማጣበቂያ ጠብታ ያስይዙና በደንብ ይድረቅ። ከሥር እሳት የሚችል ልዩ ወረቀት ይነጠፋል፤ እሱ ከሌለ መስታወቱ ከምድጃው ወለል ጋር ይጣበቃል። ጌጡ ወለሉ መሀል ይሁን፣ ግድግዳውን አይንካ።

ማይክሮዌቩን ስንት ደቂቃ ልሙላ? እንደ ጉልበቱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈጃል። በ3 ይጀምሩ፣ ክዳኑን በወፍራም የምድጃ ጓንት ትንሽ ገልጠው ይዩ፣ ካልበቃ ግማሽ ግማሽ ደቂቃ ይጨምሩ። ይህን ልጅ አይሞክረውም። ገና ትኩስ ሳለ ቀለሙ ሌላ ቢመስል አይደንግጡ፤ ሲቀዘቅዝ ብዙው ይመለሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎች የሚሸነፉበት ነው፦ መጠበቅ። ምድጃውን እሳት በሚችል ነገር ላይ አውርደው ክዳኑን ሳይከፍቱ ቢያንስ 40 ደቂቃ ይተዉት። ላዩ ቶሎ ቀዝቅዞ ውስጡ ትኩስ ከሆነ መስታወቱ ይፈነዳል፤ ውሃ ውስጥ መንከርማ ፈጽሞ አይሞከርም። ለልጅ ደግሞ 40 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ምሳ የሚበላበትን ሰዓት ይምረጡ።

ከሥር የተነጠፈው ወረቀት ከጋለ በኋላ ዱቄት ይሆናል። በአፍ አይንፉት፤ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። በዚህም ምክንያት ምግብ የማይሞቅበት አሮጌ ማይክሮዌቭ ለብቻው ቢመድቡ ይመረጣል።

ወጪውስ? አሜሪካ ውስጥ ትንሹ ምድጃ ከጀማሪ መስታወትና መሣሪያ ጋር በአንድ ሣጥን ወደ 100 ዶላር ገደማ ይሸጣል። የኤሌክትሪክ ጠረጴዛ ምድጃ ግን ከብዙ መቶ ዶላር ይጀምራል፤ ልጁ መቀጠሉን ሳያዩ አይግዙት። መብራቱ ከቁጥር አይገባም፤ አምስት ደቂቃ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ደጋግመው የሚገዙት ወረቀቱንና መስታወቱን ነው፤ የክዳኑ ልባስም በጊዜ ብዛት ይሰነጣጠቃል።

የብረት ማንጠልጠያው የሚለጠፈው መጨረሻ ላይ ነው። የጌጡን ጀርባ በአሸዋ ወረቀት ትንሽ ሻከር አድርገው በጠንካራ ማጣበቂያ ያያይዙት፣ 24 ሰዓትም ሳይነኩ ያቆዩት። ጠርዙ አሁንም ስለታም ከሆነ ግን ከመለጠፍዎ በፊት በአዲስ ወረቀት ላይ መልሰው ያቅልጡት።